ከሀዋሳ ባሌ ለሰርቫይቫል ጉዞ፦ የራስ መሳሪያ፣ ስካውት ወይስ ዱላ? ብሩስ ምን ላይ ይዋል?

እዚህ ሀዋሳ ቅዳሜና እሁድ ታቦርና አላሙራ ተራራ የሚወጣው ልጅ በዝቷል፣ ደስ ይላል፣ ከዛ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ደሞ ሁሌ አንድ አይነት ነው፤ ሶስት አራት ቀን ባሌ ገብተን ድንኳን ተክለን፣ ስንቃችንን ተሸክመን፣ ውሃ ከወንዝ እየቀዳን ሰርቫይቫል እንለማመድ፣ ግን መሳሪያ እንያዝ አንያዝ? ሀሳቡ ከየት እንደመጣ ይገባኛል፣ የአሜሪካኖቹ ቪዲዮ ላይ ሁሉም ወገቡ ላይ ሽጉጥ ሽጦ ነው የሚሄደው። እዛ ድብ አለ፣ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደሞ የስቴቱ ህግ እስከፈቀደ ድረስ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ መሳሪያ ይዞ መግባት ይቻላል። እኛ ጋ ድብም የለ፣ ህጉም ሌላ ነው።

የራስ መሳሪያ ይዞ መሄድን እንይ። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሳሪያ መያዝን ይከለክላል፣ ፈቃድ አለኝ የምትል ደሞ ፈቃዱ የት ድረስ እንደሚያገለግል የሰጠህን አካል ሳትጠይቅ እንዳትነሳ፣ ከሻሸመኔ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽህፈት ቤት እስካለባት ዲንሾ ባለው መንገድ ኬላ ላይ ፍተሻ አለ፣ ሚኒባስ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ባንተ ምክንያት ሊውል ነው። ፓርኩ በር ላይ ደርሰህም "ይሄን ይዤ ልግባ" ብሎ ነገር የለም፣ አደንም ክልክል ነው፣ ስለዚ "ምግብ ካለቀ አድኜ እበላለሁ" የሚለውን እርሱት። ህጉን እንተወውና ክላሽ ከነጥይቱ አራት ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፣ አራት ኪሎ ማለት የአንድ ሰው የሁለት ቀን ምግብና አንድ ጥሩ ስሊፒንግ ባግ (የመኝታ ከረጢት) ነው። ከዛ ደሞ ማታ ድንኳን ውስጥ የት ታስቀምጠዋለህ፣ ለሽንት ስትወጣ ማን ይይዘዋል፣ ጠዋት እረኛ ልጆች ድንኳኑን ለማየት ተሰብስበው ሲመጡስ? ጎበዝ ተኳሽ የሆነ ሰው እንኳን ሌሊቱን ሙሉ መሳሪያ ሲጠብቅ ነው የሚያድረው።

ስካውት መቅጠር ሁለተኛው ነው። ሰሜን ተራሮች የሄደ ሰው ያውቀዋል፣ ደባርቅ ላይ መሳሪያ የያዘ ስካውት ተመድቦላችሁ ነው የምትገቡት፣ አሮጌ ጠመንጃ ትከሻው ላይ፣ ጋቢ ከላይ፣ በላስቲክ ጫማ ከሁላችሁም ቀድሞ ዳገቱን የሚጨርስ ሰውዬ። ባሌ ዲንሾ ላይ ፓርኩ ጽህፈት ቤት አስጎብኚና ፈረስ ይገኛል፣ መሳሪያ ያለው ሰው ከፈለጋችሁ እዛው በፓርኩ በኩል ነው የሚጠየቀው። ከጠመንጃው ይልቅ የምትከፍሉት ለሰውየው እውቀት ነው፤ የትኛው ምንጭ በበጋ እንደሚደርቅ፣ የማን ግጦሽ ላይ ድንኳን እንደማይተከል፣ ቋንቋውንም ይችላል። የቀን አበል፣ ምግቡና ማደሪያው እናንተ ላይ ነው፣ አምስት ስድስት ሆናችሁ ስትካፈሉት ግን ቀላል ነው። ለብቻው ወይም ሁለት ሆኖ ለሚሄድ ይከብዳል፣ እሱን አልክድም።

ሶስተኛው ዱላና ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ነው። ጅብ ፈርታችሁ ከሆነ ምግብ ድንኳን ውስጥ አታሳድሩ፣ ተሰብስባችሁ ተኙ፣ መብራት አጠገባችሁ ይሁን፣ አብዛኛውን ጊዜ ድምፁን አሰምቷችሁ ያልፋል። እኔ ባሌ ላይ የምፈራው የእረኞቹን ውሻ ነው። ገና ከሩቅ ነው ሶስት አራት ሆነው የሚመጡት፣ በዛ አካባቢ ደሞ የእብድ ውሻ በሽታ ቀይ ቀበሮውን ሳይቀር ደጋግሞ ጨርሷል። ቁሙ፣ አትሩጡ፣ ዱላውን ከፊት አድርጉ፣ ጎንበስ ብላችሁ ድንጋይ የምታነሱ ምሰሉ፣ ብዙዎቹ እዛው ላይ ይመለሳሉ። የሰው ውሻ በጥይት መትታችሁ ከመንደሩ ጋር እንዴት እንደምትታረቁ ደሞ አስቡት። ከነከሰ ወዲያው በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዛ ጉዞውን አቋርጦ ክትባት ወዳለበት ጤና ተቋም መሄድ ነው፣ ነገ እንሂድ የሚባል ነገር የለውም።

የኔ ምርጫ ቡድን ከሆናችሁ ሁለተኛው ነው፣ ለመጀመሪያ ልምምድ ወንዶ ገነት አካባቢ አንድ ሌሊት ለሚያድር ደሞ የአካባቢ ሰው አስከትሎ ሶስተኛው ይበቃል። የራስ መሳሪያን ለማንም አልመክርም። መንገዱ ላይ ስጋት አለ ከተባለ ደሞ ጉዞውን ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ ነው እንጂ በክላሽ የሚፈታ ነገር አይደለም፣ ከመነሳታችሁ በፊት ዲንሾ ደውላችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ ግዢው። መጀመሪያ ብር የሚወጣበት ስሊፒንግ ባግ ነው፣ ድንኳን አይደለም። ሀዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ፓርኩ ውስጥ ያለው የሳነቴ አምባ 4,000 አካባቢ፣ እዛው ያለው የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377፣ በተለይ ከህዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ይወርዳል። ስሊፒንግ ባግ ላይ ብዙ ጊዜ ሶስት ቁጥር ይጻፋል፣ ሻጭ የሚነግራችሁ ትልቁን ኔጋቲቭ ነው፣ እሱ ግን ሰው በህይወት የሚያድርበት እንጂ የሚተኛበት አይደለም። ኮምፎርት (ተመችቶ የሚተኛበት) የሚለውን እዩ፣ ለሳነቴ ኔጋቲቭ አምስት አካባቢ ያለውን ፈልጉ። ውስጡ ላባ የሆነው ቀላልና ሞቃት ነው ግን ከረጠበ አለቀለት፣ ሲንተቲኩ ይከብዳል ግን እርጥብም ሆኖ ትንሽ ያሞቃል፣ ዋጋውም ይሻላል፣ ለኛ ሰው ሲንተቲክ እላለሁ። ሻሸመኔ ሰልባጅ ላይ አንዳንዴ ጥሩ ላባ ይገኛል፣ ካገኛችሁ ወደ ፀሀይ ወይም አምፖል አንስታችሁ በብርሃን እዩት፣ ላባው ወደ ጥግ ሸሽቶ ጨርቁ ብቻ የቀረበት ቦታ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ዚፑን ሁለት ሶስቴ ከላይ እስከታች ሳትስቡ ብር እንዳታወጡ። ከስር የሚነጠፍ ስፖንጅ የግድ ነው። ጋቢ ደረቅ ሲሆን የሚያክለው የለም፣ ከረጠበ ግን ሸክም ነው፣ ድንኳን ውስጥ ብቻ ይቅር።

ውሃ ላይ ሶስት ነገር አለ። ውሃ አጋር፣ ክሎሪኑ ማለት ነው፣ ርካሽ ነው፣ የትም ይገኛል፣ ጨምሮ ግማሽ ሰአት መጠበቅ ነው፣ የደፈረሰ ወይም በጣም የቀዘቀዘ ውሃ ላይ ግን ይዳከማል፣ በክሎሪን የማይሞት ጥገኛ ተህዋስም አለ፣ ከብት የሚውልበት ወንዝ ላይ እሱን ነው የምፈራው። በእጅ የሚጨመቀው 0.1 ማይክሮን ፊልተር ጥገኛውንም ባክቴሪያውንም ይይዛል፣ ቫይረስ ግን ያልፈዋል፣ ደሞ አንዴ ውሃ ገብቶበት በረዶ ከሰራ ውስጡ ይሰነጠቃል፣ ከውጭ ምንም አይታይም፣ ስለዚ ሳነቴ ላይ ማታ አራግፋችሁ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ስሊፒንግ ባግ ውስጥ አብራችሁት ተኙ። ማፍላት ሁሉንም ይገድላል፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ሲሆን ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ፣ ችግሩ ነዳጅ ይበላል። እኔ ብሆን ፊልተር ገዝቼ ውሃ አጋር በተጨማሪ እይዛለሁ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ከአንድ ኪሎ በታች ናቸው።

ምግብና ምድጃ አብረው ነው የሚታዩት። ሳነቴ ላይ ውሃ 87 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፣ ምስር እቀቅላለሁ ያለ ሰው ጋዙን ጨርሶ ጥሬውን ይበላል። የቡቴን ቆርቆሮ ጋዝ ደሞ ከዜሮ ሲወርድ አይተንም፣ ፕሮፔን የተቀላቀለበትን ግዙ፣ ካጣችሁ ማታውን እንደ ፊልተሩ ሞቅ ያለ ቦታ ይደር። ከኢንዶሚና ከበሶ ለሚያወዳድር በሶ ያሸንፋል፣ እሳት አይፈልግም፣ ሀይላንድ ጠርሙስ ውስጥ በሶውን ከስኳር ጋር ከተህ ውሃ ጨምረህ መበጥበጥ ነው። ጭኮ ደሞ ከሱም ይበልጣል፣ ገብስና ቅቤ፣ ለቀናት አይበላሽም፣ የባሌ ሰው ብርዱን የሚያውቀው በከንቱ አይደለም።

ድንኳን ላይ ብዙ አትጨነቁ፣ የአሉሚኒየም ዘንግ ከፋይበሩ ይሻላል፣ ላይ የሚለበሰው ሽፋን እስከ መሬት የሚደርስ ይሁን፣ ዝናብ ባለበት ወር ከሆነ ደሞ ውሃ የመቋቋም ቁጥሩ 3,000 ሚሊ የሚለውን እዩ። ከመሄዳችሁ በፊት ግቢ ውስጥ በጨለማ አንዴ ትከሉት፣ ወለሉ ላይ ውሃ አፍስሱበት። እና ከሀዋሳ ተነስታችሁ በዛው ቀን ሳነቴ ላይ እንዳታድሩ፣ የመጀመሪያው ሌሊት ዲንሾ ይሁን፣ የከፍታው ራስ ምታት ማግስቱን ያበላሽባችኋል።