ሀንተር ሪቨር ወይስ ካፍ 101? ክሽክሽ ሲመጣ የሁለት አልፋልፋዎች ወግ

እስከ 1977 እ.ኤ.አ. ድረስ የአውስትራሊያ ገበሬ አልፋልፋ ሲል በአብዛኛው ሀንተር ሪቨር የተባለውን ዝርያ ማለቱ ነበር። አገሩን የለመደ፣ ለዓመታት የሚታጨድ ጎበዝ መኖ ነው። በዚያ ዓመት ግን ነጠብጣቡ የአልፋልፋ ክሽክሽ፣ የተክል ጭማቂ የሚመጥጥ ትንሽ ነፍሳት፣ ገባ። ሀንተር ሪቨር ለዚህ ተባይ መከላከያ አልነበረውም።

ጉዳቱን ለማየት የታችኛውን ቅጠል መገልበጥ ይበቃል። ክሽክሿ ጀርባው ላይ ተለጥፋ ጭማቂውን ትመጥጣለች፤ ምራቋም መርዝ አለው። የቅጠሉ ጅማቶች ይነጣሉ፣ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፣ ከታች ጀምሮ ይረግፋል። የምትጥለው ጣፋጭ ፈሳሽ ድርቆሹን ያጣብቀዋል። ቡቃያ ከሆነማ ይሞታል።

ካፍ 101 የካሊፎርኒያ ዝርያ ነው። ክሽክሿ ብታርፍበትም አይስማማትም፤ ትታው ትሄዳለች ወይም በቅጡ ሳትራባ ትሞታለች። የአተር ክሽክሽንም ይቋቋማል። በብርዱ ወቅትም ከሀንተር ሪቨር የተሻለ ያድጋል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። አልፋልፋን የሚያዳቅለው ንብ ስለሆነ በአንድ ዝርያ ውስጥ ያሉ ተክሎች ይለያያሉ። በአሜሪካ ምደባ ከ31 እስከ 50 በመቶ የሚሆኑት ተክሎች ከተቋቋሙ ዝርያው «ተቋቋሚ» ይባላል። ስለዚህ በካፍ ማሳም የሚጎዳ አይጠፋም። ሲቀዘቅዝም የመቋቋም አቅሙ ሊላላ ይችላል።

እኔ ክሽክሽ ባለበት ቦታ ያለ ማንገራገር ካፍን እመርጣለሁ። የተባይ መድኃኒት ርጭት ክሽክሽ በሊታ ጥንዚዛዎችንም ይፈጃል፤ ላም በምትበላው ቅጠል ላይም መድኃኒት ይቀራል። ሀንተር ሪቨርም ቢሆን አልተጣለም፤ አርቢዎች ከእሱ ክሽክሽ የሚቋቋመውን ሀንተርፊልድን አውጥተዋል።