«የለም» ሲል እመኑት፦ ባለሦስት መብራቱ የሶኬት ቴስተር ሲፈተሽ

ከክብሪት ቀፎ ትንሽ ተለቅ ትላለች። ሶኬት ላይ ትሰካለች፣ ሦስት ትንንሽ መብራቶቿ ይበራሉ ወይም ይጠፋሉ፣ ጀርባዋ ላይ ከታተመው ሠንጠረዥ ጋር አስተያይቶ ማንበብ ነው። ምጣዱ ወይም ፍሪጁ «ይነዝራል» የሚባልበት አሮጌ ቤት ውስጥ መጀመሪያ መሰካት ያለባት እሷ ናት። ግን የምትናገረውን ሁሉ እኩል ማመን አይገባም። ግራውንድ (ያመለጠ ኮረንቲ ወደ መሬት የሚወስደው የመከላከያ ሽቦ) የለም ካለች ብዙውን ጊዜ ልክ ናት፤ ሁሉም ደህና ነው ስትል ግን ገና ምንም አልተረጋገጠም።

አሠራሯ ቀላል ነው። አንዱ መብራት በፌዝ (ኮረንቲ በሚያመጣው ሽቦ) እና በኒውትራል (በሚመልሰው ሽቦ) መካከል፣ ሁለተኛው በፌዝና በግራውንድ መካከል፣ ሦስተኛው በኒውትራልና በግራውንድ መካከል ተገናኝቷል። እኛ አገር በብዛት የሚገኘው በሁለት ጎኑ የብረት ጥፍር (የግራውንድ መገናኛ) ያለው 16 አምፔር ሶኬት መሰኪያውን ገልብጦም ይቀበላል። ስለዚህ አንዴ ሰክቶ ማንበብ፣ ከዚያ ገልብጦ እንደገና ማንበብ ያስፈልጋል። «ፌዝና ኒውትራል ተገለባብጧል» የሚለው ምልክት በአንዱ አሰካክ መጥቶ በሌላው ከጠፋ ብልሽት አይደለም። በሁለቱም አሰካክ የግራውንዱ መብራት ካልበራ ግን ጥፍሮቹ ጌጥ ናቸው። የድሮውን ባለሁለት ቀዳዳ ሶኬት አንስቶ ባለጥፍሩን በዚያው በሁለት ሽቦ መግጠም በጣም የተለመደ ነውና ከፊት የሚታየው ሶኬት ምንም አይመሰክርም።

ስትገዙ መሰኪያውን እዩ። የእንግሊዝ ባለሦስት ጠፍጣፋ እግር ቴስተር በባለሁለት እግር አዳፕተር ከተሰካ አዳፕተሩ ግራውንድ አያሳልፍም፤ ጤናማውን ሶኬት ሁሉ «ግራውንድ የለውም» ይላል። «የለም» ሲል እመኑት ያልነው የማይሠራበት አንዱ ቦታ ይኸው ነው። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ደግሞ ለ120 ቮልት የተሠራ ስለሆነ 220 ላይ አይሰካም፤ ይቃጠላል። የሚያስፈልገው 220–240 ቮልት ተብሎ የተጻፈበት፣ ጎንና ጎኑ ላይ የጥፍሮቹን መንኪያ ብረት ያለው ነው።

አሁን ወደ ውሸቷ። በሶኬቱ ውስጥ ከኒውትራል ወደ ግራውንድ ብሎን አንዲት አጭር ሽቦ የተቀጠለች ከሆነ ቴስተሯ ሁሉም ደህና ነው ትላለች። አንዳንድ ባለሙያ ነኝ ባይ ደንበኛው «ግራውንድ አድርግልኝ» ሲለው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ኒውትራሉ መንገድ ላይ የላላ ወይም የተበጠሰ ቀን የምጣዱ ቦዲ 220 ቮልት ይሸከማል። ከነጭራሹ ግራውንድ ከሌለው ሶኬት ይህኛው ይከፋል።

ይህን ውሸት ለመያዝ መልቲሜትር፣ ማለትም ቮልት መለኪያ፣ ይረዳል (600 ቮልት፣ ካት 3 የሚል የደህንነት ደረጃ የተጻፈበት ይሁን)። ድርብ ሶኬት ከሆነ በአንዱ ካውያ ሰክታችሁ አሙቁ፣ በሌላው በኒውትራልና በግራውንድ መካከል ለኩ። እውነተኛ ግራውንድ ካለ ካውያው ሲበራ ንባቡ በትንሹም ቢሆን ከፍ ይላል፤ 9 አምፔር ገደማ በ15 ሜትር የ2.5 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት) ኒውትራል ሲመለስ 1 ቮልት ያህል ይጥላልና። ካውያው በርቶም ጠፍቶም 0.0 ላይ ድርቅ ካለ ያቺን አጭር ሽቦ ጠርጥሩ። በዲቫይደር አትለኩ፤ የዲቫይደሩ ገመድ ራሱ ቮልት ይጥልና ያሳስታል። በተቃራኒው ከፌዝ ወደ ግራውንድ 80 ወይም 110 ቮልት ቢያሳይ የትም ያልተገናኘ ሽቦ ነው፤ ዲጂታል ሜትር ከጎኑ ካለው ሽቦ የሚሻማውን ጥላ ነው የሚያነበው። በካቻቪቴ ቅርጽ የሚሸጠው ባለመብራት ቴስተር ደግሞ ፌዝ የት እንዳለ ብቻ ይናገራል፣ ስለ ግራውንድ አትጠይቁት።

መጨረሻው ሶኬቱን መክፈት ነው። ዋናውን ብሬከር አጥፉ፤ ቴስተሩን መጀመሪያ ይህ ብሬከር በማያጠፋው፣ ኮረንቲ እንዳለው በተረጋገጠ ቦታ (እንደ ጎረቤት ቤት ሶኬት) ፈትኑት፣ ከዚያ ሶኬቱን፣ ከዚያ እንደገና ያንኑ ቦታ። በመካከል የሞተ ቴስተር ነው ሰው የሚያስይዘው። የሽቦ ቀለም አትመኑ፤ በአሮጌ ቤት ቀይም ጥቁርም ሰማያዊም የፈለገውን ሆኖ ይገኛል። ከቆጣሪው በፊት ያለውን የታሸገ ክፍል ግን አትንኩ፣ እሱ የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ነው።

አንዳንዶቹ ቴስተሮች የአርሲዲ (ኮረንቲ ከመስመሩ ሲያመልጥ ወዲያው የሚያቋርጥ መከላከያ) መፈተኛ ቁልፍ አላቸው። ሲጫን ከፌዝ ወደ ግራውንድ 30 ሚሊ አምፔር ያህል ይለቃል። ግራውንድ በሌለበት ቤት አርሲዲው ደህና ቢሆንም አይወርድም፤ «አርሲዲው ተበላሽቷል» ብሎ አዲስ መግዛት ከንቱ ወጪ ነው። ራሱ አርሲዲው ላይ ያለው ቁልፍ ግን ያለ ግራውንድም ይሠራል፣ መፈተኛው እሱ ነው። ደግሞም የቴስተሯን ቁልፍ ከመጫናችሁ በፊት ዕቃዎቹን ሁሉ ንቀሉ፤ የግራውንድ ሽቦው ከመሬት ተለይቶ ሶኬቶቹን ብቻ ካያያዘ፣ የለቀቃችሁት ኮረንቲ ወደ ፍሪጁ ቦዲ ይሄዳል።

ማሻሻያው በሁለት መንገድ ነው። ትክክለኛው ከብሬከር ሳጥኑ እስከ እያንዳንዱ ሶኬት 2.5 ካሬ አረንጓዴ-ቢጫ ሽቦ መሳብ ነው። ኮንዲዩቱ (የሽቦው ቱቦ) ጠባብ ከሆነ ሦስተኛውን ለማስገባት አትታገሉ፤ አሮጌዎቹን ሁለቱን እንደ መሳቢያ ተጠቅማችሁ ሦስት አዲስ ሽቦ በአንድ ጊዜ ሳቡ። ግድግዳው ጭቃ ሆኖ ሽቦው በልስን ውስጥ ተቀብሮ ከሆነ በላይ በኩል በቻናል መዞር ነው፣ አያምርም ግን ይሠራል።

ያ እስኪሆን ባለ 30 ሚሊ አምፔር አርሲዲ ሳጥኑ ላይ አስገጥሙ። ሱቅ ውስጥ ከተራ ብሬከር ጋር በመልክ ይመሳሰላል፤ የመፈተኛ ቁልፍና 0.03 አምፔር የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። 0.3 የሚለው ለእሳት መከላከያ ነው፣ ሰው አያድንም። አርሲዲ ያለ ግራውንድም ሕይወት ያድናል፣ ግን የሚወርደው ሰው ከነካ በኋላ ነውና መነዘር አይቀርም። ሶኬቶቹንም ወደ ባለሁለት ቀዳዳ መልሷቸው፤ ግራውንድ የሌለው ባለጥፍር ሶኬት ለሚቀጥለው ተከራይ ወጥመድ ነው። አርሲዲው ዕቃ ሲሰካ ሁሉ የሚወርድ ከሆነ እሱን አውልቆ ከመጣል የሁለት መስመር ኒውትራል ተደባልቆ እንደሆነ ፈልጉ፤ በአሮጌ ቤት የተለመደ ጥፋት ነው።

ግራውንዱን ከመሬት ለማገናኘት የሚቀበረውን ዘንግ በተመለከተ፣ መዳብ የተለበጠ 1.5 ሜትር ብረት ግዙ። ፌሮ የሚቀብር አለ፤ ይዝጋል፣ ግንኙነቱም ይበላል። የውኃ ቧንቧ ላይ ማሰርም አብቅቷል፣ ቧንቧው መሬት ውስጥ ፕላስቲክ ሆኗልና። ከሰልና ጨው ዙሪያውን መጨመር የመሬቱን መቋቋም ለጊዜው ያወርዳል፣ ጨው ግን በዝናብ ይታጠባል፣ ብረቱንም ይበላል። ደግሞ ዘንግ ብቻውን አይበቃም። የመሬቱ መቋቋም 50 ኦም ቢሆን 220 ሲካፈል ለ50፣ 4.4 አምፔር ነው፤ 16 አምፔር ብሬከር ይህን ጭራሽ አይሰማውም፣ ምጣዱ እንደነዘረ ይቀመጣል። 30 ሚሊ አምፔሩ አርሲዲ ግን ወዲያው ይወርዳል።

ስለ ምጣድ ካነሳን አይቀር፣ 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ 16 አምፔር ሊሞላ ነው። ግራውንዱ ቢስተካከልም በተራ ሶኬት አይሰካ። ለብቻው 4 ካሬ መስመርና 25 አምፔር ብሬከር ይሠራለት፣ ከሶኬት ይልቅም በማጥፊያ ቀጥታ ይታሰር።

ቴስተሯ ከ10 ስድስት ታገኛለች። አርሲዲው ዘጠኝ።