ተራ ቀለም፣ ጄል፣ ተለጣፊ ጥፍር ወይስ እንሶስላ? ቤት ውስጥ ጥፍር ለመሠራት ምን ይገዛ

ባለፈው ዓመት ለአንድ ሰርግ ብዬ ቤት ውስጥ ጥፍሬን ጄል ተቀባሁ። በሦስተኛው ሳምንት ጠርዙ መነሳት ጀመረ። ታክሲ ተሰልፌ ስጠብቅ እጄ ሥራ ፈታና በአውራ ጣቴ እየፈለቀቅሁ ጣልኩት፤ ተራ እስኪደርሰኝ አምስቱም ጣቶች አለቁ። እውነቱን ለመናገር ደስ ይላል፤ እንደተቀቀለ ድንች ልጣጭ ሳብ ሲያደርጉት ይመጣል። የመጣው ግን ቀለሙ ብቻ አልነበረም። በሳምንቱ እናቴ ቤት በርበሬ ልንቀነጥስ ተቀመጥን፤ ገና ግማሽ ሰፌድ ሳልሞላ ጥፍሬ ውስጥ እሳት ገባ። ወደ ብርሃን አዙሬ ሳየው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቷል። እናቴ እጄን አገላብጣ አየችና «ይህን ደግሞ በገንዘብሽ ገዝተሽ ነው?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ የጥፍር ዕቃ ሳነጻጽር የምነሳው ከመጨረሻው ነው፦ ሲበቃኝ እንዴት ይለቃል? ሻጭ ስለ ድምቀቱና ስለ ቆይታው ይነግራችኋል፤ ስለ ማስለቀቁ ሳልጠይቀው የነገረኝ ግን እስካሁን የለም። ጥፍርን አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው ደግሞ መቀባቱ ሳይሆን ማንሳቱ ነው። የእጅ ጥፍር በወር የሚያድገው 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ የእግር ጥፍር የዚህን ግማሽ ገደማ። ከሥሩ እስከ ጫፉ ለመታደስ የእጁ ስድስት ወር፣ የእግር አውራ ጣት ከዓመት እስከ ዓመት ተኩል ይፈጅበታል። ታክሲ ሰልፍ ላይ በሩብ ሰዓት የላጥኩትን ለመተካት ግማሽ ዓመት ጠበቅሁ ማለት ነው።

ተራው ጥፍር ቀለም

ዛሬ በጠርሙስ የምንገዛው ጥፍር ቀለም የመኪና ቀለም ዘመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መኪና ለመቀባት የዋለው ናይትሮሴሉሎስ የተባለው ውሁድ ወደ ጥፍርም ተሻገረ፤ በ1932 የተመሠረተው የመዋቢያ ኩባንያ ሬቭሎንም ሥራውን የጀመረው በጥፍር ቀለም ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ፈሳሹ ይተንና ስስ ሽፋን ይቀራል። የሚለቀውም በመጣበት መንገድ ነው። በአሴቶን የተነከረ ጥጥ ጥፍሩ ላይ ጥቂት ሰከንድ አሳርፎ መጥረግ ብቻ። ከአራቱ ምርጫዎች በዚህ የሚወዳደረው የለም።

ድካሙ ቆይታው ላይ ነው። ልብስ በእጅ የሚያጥብ፣ ዕቃ የሚያለቀልቅ፣ በረኪና የሚነካ እጅ ላይ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ከቆየ ጥሩ ነው። ነጣ ያሉ ቀለሞች ደግሞ የአልጫ ወጥ ጠላት አላቸው፤ እርድ ሮዙን ወደ ብጫ ይወስደዋል። በእጅ የሚበላ ሰው ይህን አስቦ ቢገዛ ይሻላል፤ እኔ ለዘወትር ቡናማና ጥቁር ቀይ የምመርጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ስትገዙ ቀለሙን ብቻ ይዛችሁ አትውጡ። ሥር ላይ የሚቀባው መነሻና ከላይ የሚያሳርገው መጨረሻ ከቀለሙ በላይ ዋጋ አላቸው። መነሻው ከሌለ ጥቁር ቀይ ቀለም ጥፍሩን እንደ ሲጋራ አጫሽ ጣት ብጫ ያደርገዋል። ገንዘብ ካጠረ ከሦስት ቀለም ይልቅ አንድ ቀለም ከሁለቱ ጋር ግዙ። አቀባቡ ላይ ምስጢሩ ስስ ማድረግ ነው፤ አንድ ወፍራም ንብር ከላይ ደርቆ ከውስጥ እርጥብ ይቀራል፣ አረፋም ያወጣል። በሁለት ስስ ንብር መካከል ሁለት ሦስት ደቂቃ ስጡት። ከመኝታ በፊት ግን ተዉት፤ ሲነኩት የደረቀ የሚመስለው ቀለም ጨርሶ ለመጠንከር ሰዓታት ይፈልጋል። የአንሶላውን ጥለት ጥፍሬ ላይ ታትሞ ያገኘሁባቸው ጠዋቶች ጥቂት አይደሉም።

ጠርሙሱ ላይ ክዳኑ የተከፈተ የትንሽ ማሰሮ ምስል ካለ ውስጡ ያለው ቁጥር ከተከፈተ በኋላ የሚያገለግልበትን ወር ይናገራል። የወፈረ ቀለም በአሴቶን ሊቀጥን አይገባም፤ ለዚሁ የተሠራ ማቅጠኛ ሁለት ሦስት ጠብታ ይበቃዋል። «ከሦስቱ መርዞች ነፃ» የሚሉ ዕቃዎች ቶሉዊን፣ ፎርማልዲሃይድና ዳይቡቲል ፋታሌት የለብንም ማለታቸው ነው። «ከአምስት ነፃ»፣ «ከአሥር ነፃ» ሲባል ግን አቆጣጠሩ እንደየኩባንያው ስለሆነ ቁጥሩ በመብዛቱ ብቻ አትማረኩ፤ ዝርዝሩን አንብቡት።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። ቀለሙም አሴቶኑም በቀላሉ ይቀጣጠላሉ። ረከቦት ቀርቦ፣ ከሰል ተያይዞ፣ ዕጣን እየጨሰ እዚያው አጠገብ ጥፍር መቀባት ብዙ ቤት የማየው ልማድ ነው። ወይ ቡናው ይቅደም፣ ወይ ጥፍሩ መስኮት ሥር ይሁን።

ጄል

ጄል አይደርቅም፤ ይጠነክራል። እጅ የሚገባበት ላምፕ የሚሰጠው የአልትራቫዮሌት ብርሃን ሲያገኘው ፈሳሹ እርስ በርሱ ተቆላልፎ ወደ ፕላስቲክነት ይለወጣል። ከላምፑ እንዳወጣችሁት ቡና መቁላት ትችላላችሁ፤ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ሦስት፣ እንዳብረቀረቀ ይቆያል። ከተራው ቀለም ጋር ሲነጻጸር ለሥራ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አልክድም።

ጠርሙስ ከጠርሙስ ሲታይ ዋጋቸው ሊቀራረብ ይችላል፤ ጄሉ ግን ብቻውን አይገዛም። ላምፕ፣ የራሱ መነሻና መጨረሻ፣ ንጹሕ አሴቶን፣ ፎይልና የእንጨት መግፊያ ይከተሉታል። በወር አንድ ጊዜ ለምትቀባ ሴት ይህ ሁሉ ወጪ አይመለስም። እናት፣ እህትና ጎረቤት አንድ ላምፕ የሚጋሩ ከሆነ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። መብራትም አለ። ሁለተኛውን ንብር ቀብቼ እጄን ላስገባ ስል የጠፋብኝ ቀን፣ አሥሩን ጣቶቼን ዘርግቼ አንድ ሰዓት ተቀመጥሁ፤ በመጨረሻ ሁሉንም ጠርጌ ተኛሁ። በፓወር ባንክ የሚሠሩ ትንንሽ ላምፖች መፍትሔ ይመስላሉ። ጉልበታቸው ግን ደካማ ሊሆን ይችላል፤ በግማሽ የጠነከረ ጄል ደግሞ ካልጠነከረው አይሻልም።

የማይሻልበት ምክንያት አለው። ሳይቆላለፍ የቀረው ፈሳሽ ቆዳ ሲነካ አለርጂ ያስነሳል፤ ጣት ያሳክካል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ ጥፍር ከሥጋው ይላቀቃል። አለርጂው አንዴ ከያዘ ብዙውን ጊዜ የዕድሜ ልክ ነው፤ የዚሁ ውሁድ ቤተሰቦች በጥርስ መሙያና አጥንት ለማጣበቅ በሚውል ሲሚንቶ ውስጥ ስለሚገኙ ጣጣው ከጥፍር ያልፋል። ከእነዚህ ውሁዶች ዋነኛው «ሄማ» ይባላል። የአውሮፓ ኅብረት ሄማ ያለባቸው የጥፍር ምርቶች ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በባለሙያ ብቻ እንዲቀቡ ወስኗል። ብርሃኑን ተቀብሎ ጄሉን የሚያስጠነክረውን «ቲፒኦ» ደግሞ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመዋቢያ ምርቶች ውስጥ ጨርሶ ከልክሎታል፤ መነሻው በእንስሳት ላይ በተደረገ ምርመራ የመራባት አቅምን እንደሚጎዳ መታየቱ ነው። እኔ እንደምጠረጥረው፣ ከአንድ አገር መደርደሪያ የወረደ ዕቃ ሌላ ቦታ ረክሶ መውጣቱ አይቀርም። ስለዚህ ዋጋው ያለ ምክንያት የወደቀ ጄል ስታዩ መጀመሪያ ጀርባውን አንብቡ፤ የይዘት ዝርዝር ከሌለው መልሱት።

ስለ ላምፑ ብርሃን የሚወራው ግማሹ እውነት ነው። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት ጥናት ለ20 ደቂቃ ብርሃኑ ከበራባቸው ሕዋሳት ከመቶ 20 እስከ 30 የሚሆኑት ሞተዋል። ይህ የታየው ግን በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ባሉ ሕዋሳት እንጂ በሰው እጅ ላይ አይደለም፤ ቤት ውስጥ አንድ እጅ በላምፕ ሥር የሚቆየውም ጥቂት ደቂቃ ነው። ጣታቸው የተቆረጠ ጓንት ማጥለቅ ወይም ቀድሞ የፀሐይ መከላከያ መቀባት ቀላል ጥንቃቄ ስለሆነ አደርገዋለሁ።

ማስለቀቁ እንዲህ ነው። የላይኛውን ማብረቂያ በሞረድ ቀስ ብላችሁ አደብዝዙት። ትንሽ ጥጥ በንጹሕ አሴቶን ነክራችሁ ጥፍሩ ላይ አስቀምጡ፤ በፎይል ጠቅልሉት፤ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጠብቁ። ሲከፈት ቀለሙ እንደ ረጠበ ወረቀት ተኮማትሮ መነሳት አለበት፤ በእንጨቱ ገፋ ሲያደርጉት ካልሄደ ደግማችሁ ጠቅልሉት። በጉልበት አትፋቁት። አሴቶን የሌለበት ማስለቀቂያ ለተራው ቀለም የዋህ ነው፤ ጄል ላይ ግን ውኃ እንደ ማፍሰስ ይቆጠራል። ይህን ሁሉ ለማድረግ ግማሽ ሰዓት የማይተርፋት ሴት ጄል ባትገዛ እመክራለሁ፤ ታክሲ ሰልፍ ላይ መላጧ አይቀርም።

ተለጣፊ ጥፍር

ስለ ተለጣፊው ብዙ አልልም። ለአንድ ምሽት፣ ለፎቶ፣ ለምርቃት ቀን ከሁሉም ይፈጥናል። ዓይነቱ ሁለት ነው፤ በሁለት ገጽ ተለጣፊ ፕላስቲክ የሚያዘውና በሙጫ የሚያዘው። የመጀመሪያው በሙቅ ውኃና ሳሙና ይለቃል፤ ቆይታው ግን ከአንድ ሁለት ቀን አይዘልም። በሙጫው የተለጠፈው እስከ ሳምንት ይሄዳል፤ ሲነቀል ደግሞ የጥፍሩን ገጽ ይዞ ይነሳል። ሙጫው ከፈጣን ማጣበቂያ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ ጥጥ ወይም የጥጥ ልብስ ላይ ሲንጠባጠብ ቆዳ እስከሚያቃጥል ድረስ ይግላል። የፈሰሰ ሙጫ በጥጥ አትጥረጉ።

ሳጥን ስትገዙ የእያንዳንዱን ጣት ልክ ተመልከቱ፤ ጥቂት ጠበብ ካለ በየጊዜው ይነሳል፣ ሰፋ ካለ ቆዳው ላይ ያርፋል። ከሥሩ ክፍተት ካለ ውኃ ይገባና ጀርም ይራባበታል፤ አረንጓዴ ነጥብ ካያችሁ ወዲያው አውልቃችሁ ሐኪም አሳዩ። ሊጥ ለምታቦካ፣ እንጀራ ለምትጋግር፣ ሕፃን ለምታጥብ ሴት ረጅሙን አልመክርም። ጉርሻስ? አንድ ጊዜ በረጅም ጥፍር የጎረሰ ሰው ሁለተኛውን በፈገግታ ያልፈዋል። ነርሶችና ሐኪሞች ደግሞ ምርጫም የላቸውም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው የእጅ ንጽሕና መመሪያ በሽተኛ የሚነካ ሰው ሰው ሠራሽ ጥፍር እንዳያደርግ፣ የራሱንም ከግማሽ ሴንቲ ሜትር በታች እንዲያደርግ ይመክራል።

ከየትኛውም በፊት

ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት የራሳችሁ ጥፍር መቁረጫና ሞረድ ይኑራችሁ። ሄፓታይተስ ቢ የጋራ መቁረጫ ላይ በቀረች ዓይን በማታያት የደም ጠብታ ሊተላለፍ ይችላል፤ ቤት ውስጥ ጥፍር መሠራት ካለው ጥቅም ትልቁ ይህን መዝጋቱ ይመስለኛል። ሞረዱን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ጎትቱት፤ እንደ መጋዝ ወዲያ ወዲህ ማለት ጫፉን ይሰነጥቀዋል። በጥፍር ሥር ያለውን ስስ ቆዳ አትቁረጡት፤ በዘይት አለስልሳችሁ ወደ ኋላ ገፋ ማድረግ በቂ ነው፤ ጀርም እንዳይገባ የሚዘጋው እሱ ነው። ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ያለ ዘመድ «ምን ልላክልሽ?» ካለ የመስተዋት ሞረድና ጥሩ መነሻ ጠይቁት፤ ቀለሙን መርካቶ ውስጥ እስኪታክታችሁ ታማርጣላችሁ።

እንሶስላና ሂና

እነዚህ ጥፍሩን አይሸፍኑትም፤ ውስጡ ይገባሉ። ስለዚህ የሚነሳ፣ የሚላጥ፣ የሚነቀል ነገር የለም፤ ማስለቀቂያም የላቸውም። ቆዳው ላይ ያለው በሳምንት ሁለት ሳምንት ይደበዝዛል፤ ጥፍሩ ላይ ያለው ግን አብሮ አድጎ ተቆርጦ እስኪያልቅ ይኖራል። አክስቴ ከሰርግ በኋላ ያለፈውን ጊዜ በጥፍሯ ትቆጥር ነበር፤ ከሥር ነጩ ብቅ ሲል «ሁለት ወር ሆነው» ትል ነበር። ጠዋት ቀለም ቀይራ ማታ ሌላ ለምትፈልግ ሴት ይህ እስር ቤት ነው። ለእኔ ደግሞ፣ ከበርበሬው ታሪክ በኋላ፣ እረፍት ሆኖልኛል።

እንሶስላ የደጋ ተክል ነው፤ እርጥብና ጥላ ያለበት ቦታ ይወዳል፤ ነጭ አበባው መሃሉ ሐምራዊ ነው። የሚፈለገው ግን ድንች የመሰለው ሥሩ ነው። ተልጦ፣ ተወቅጦ እጅና እግር ላይ ይደረግና ተጠቅልሎ ያድራል። ቀለሙ ከቀይ እስከ ጥቁር ይደርሳል፤ በደገሙት ቁጥር ይጠቁራል። ስትገዙ ጠንካራና ያልተጨማደደውን ምረጡ፤ የምትወቅጠው ሴት ጓንት ካላጠለቀች እሷም ሙሽራ ሆና ታድራለች። ሂናው በሐረርና በድሬዳዋ ገበያ በዱቄት የሚሸጠው የደረቀ ቅጠል ነው፤ አቡክቶ መቀባት ብቻ ስለሆነ ከእንሶስላ ይቀላል። ውዱእ ለሚያደርጉ እህቶችም ሁለቱ ሽፋን ስለማይሠሩ ውኃ አይከለክሉም፤ ተራው ቀለምም ጄልም ግን ይከለክላሉ። «ውኃ አሳላፊ» ተብለው ስለሚሸጡት ቀለሞች ሊቃውንቱ ስለማይስማሙ ኡስታዛችሁን ጠይቁ።

«ጥቁር ሂና» ከሚባለው ግን ራቁ። ንጹሕ ሂና ጥቁር አይደለም፤ በሰዓት ውስጥ ድቅድቅ የሚያደርገው ብዙውን ጊዜ የተጨመረበት «ፒፒዲ» የተባለ የፀጉር ቀለም ኬሚካል ነው። ቆዳ ያቆስላል፤ ጠባሳም ይተዋል። ዱቄቱ አረንጓዴና የደረቀ ሣር ሽታ ያለው መሆን አለበት፤ ከጠቆረ ወይም ኬሚካል ከሸተተ አትግዙት። እውነተኛው ሂና ሲታጠብ መጀመሪያ ብርቱካናማ ነው፤ የሚጠቁረው በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ነው። ስለዚህ ሰርጉ ቅዳሜ ከሆነ ሐሙስ ማታ አስሩት፤ ዓርብ ጠዋት እጃችሁን አይታችሁ «አልያዘም» ብላችሁ ሌላ ነገር አትደርቡበት።