በማዳበሪያና በካርቶን የመጣ ካርማን ጊያ፦ ከ18 ወር በኋላ

ይህ ግምገማ ተበታትኖ የተገዛ የ1967 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ቮልስዋገን ካርማን ጊያ 1500ን ይመለከታል። መኪናው ደብረ ማርቆስ የገባው ቦዲውና ወለሉ ተለያይተው፣ ሞተሩ እስከ ክራንክ ሻፍቱ ተፈትቶ፣ ትንንሹ ዕቃ በማዳበሪያና በካርቶን ታጭቆ ነው። አሁን 18 ወር ሆኖታል። ያለፉትን አምስት ወራት በራሱ ሞተር እየሄደ ነው፤ 2,600 ኪሎ ሜትር ነድቷል። እንዲህ ያለ መኪና ለሚያማትር ሰው አንድ ነገር አስቀድሞ ይነገረው፦ የተበተነ መኪና ዋጋ የሚተመነው ባለው ዕቃ አይደለም፣ በጎደለው ነው። ጎዶሎውም ሁሉ እኩል አይደለም።

ካርማን ጊያ ከ1955 እስከ 1974 ተሠርቷል። ቅርጹን የነደፈው የጣሊያኑ ጊያ ኩባንያ ነው፣ ቦዲውን ጀርመን ኦስናብሩክ ላይ የገጠመው የካርማን ኩባንያ ነው፣ ከሥር ያለው ግን እኛ የምናውቀው ቮልስ ነው። ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ ፍሪሲዮኑ፣ የመሪው ሳጥን፣ ኩሽኔታውና የፍሬን ሲሊንደሩ አብዛኛው ከቮልስ ጋር አንድ ነው። ስለዚህ ፒስተንና ካሚቻ ቢጎድል፣ ካርቡራተር ቢጠፋ፣ ዲናሞው ቢቃጠል አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ይገኛል፤ ማታ በአውቶቡስ የተላከ ዕቃ በማግሥቱ ደብረ ማርቆስ ነው። ቮልስ ፈትቶ የገጠመ አንጋፋ መካኒክም በጎጃም ከተሞች ዛሬም አይጠፋም።

ከወለሉ በላይ ያለው ግን ሌላ ዓለም ነው። የቮልስ ፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ ያለው ላሜራ) በቡሎን ተፈትቶ ይቀየራል። የጊያ ግን ከቦዲው ጋር ተበይዷል፤ መጋጠሚያው በእርሳስና በቆርቆሮ ቅይጥ ተሞልቶ፣ በእጅ ተሞርዶ ነው እንዲያ የለሰለሰው። የፊት መስታወት፣ የኋላ መስታወት፣ የበር መስታወቶች፣ የኋላ መብራት ክዳኖች፣ አፍንጫው ላይ ያሉት ሁለት የአየር ማስገቢያ ፍርግርጎች፣ ፓራውልቶቹ (የፊትና የኋላ ግጭት መከላከያዎቹ)፣ የጎን ጌጥ ብረቶቹ፣ እነዚህ ሁሉ ከቮልስ አይወሰዱም። የወለሉ ነገርም ሰው ያታልላል። በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት ሁለቱም ላይ 2,400 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ሻጭ «የቮልስ ወለል ልክክ ይላል» ይላል። አይልም፤ የጊያ ወለል ሰፊ ነው፣ ጎንና ጎኑ ካልተቀየረ ቦዲው አይቀመጥበትም።

እናም ገንዘብ ከመቁጠር በፊት ሸራ ዘርግቶ ዕቃውን በሦስት ክምር መለየት ነው፦ ተገዝቶ የሚገኝ፣ ቶርኖ ቤት ወይም ላሜራ ቤት የሚሠራ፣ ከውጭ ካልመጣ የማይገኝ። ሦስተኛውን ክምር ግራና ቀኝ እያጣመሩ ይቁጠሩት፤ አንድ ብቻውን የተገኘ የበር መስታወት ግማሽ ዕቃ ነው። ሞተሩ ቢጎድል ከሌላው ዋጋ ላይ ተቀንሶ ይገዛል። የፊት መስታወቱ ከጎደለ ግን እኔ እንዳትገዙት ነው የምለው፣ ሌላው ሁሉ ቢሟላ እንኳ።

ሁለተኛው ነገር ሊብሬ ነው። የሻንሲ ቁጥሩ ከኋላ ወንበር ሥር፣ በወለሉ መካከል ባለው ጉብታ ላይ ተመትቷል። ከ1965 ሞዴል ወዲህ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች የመኪናውን ዓይነት፣ ሦስተኛው የሞዴሉን ዓመት የመጨረሻ አኃዝ ይናገራሉ፤ 147 ብሎ ከጀመረ የ1967 ካርማን ጊያ ነው። 11 ብሎ ከጀመረ ወለሉ የቮልስ ነው፣ ሊብሬው የማንን መኪና እንደሚናገር መጠየቅ ይገባል። የሞተር ቁጥሩ ዲናሞው ከሚቀመጥበት ምሰሶ ሥር ነው፤ የዚህ ዓመት 1500 ሞተር በ«ኤች» ፊደል ይጀምራል። ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ካልገጠመ ቦሎ ሲወሰድ ያስቸግራል፤ ጉዳዩን ሻጩ ራሱ ጨርሶ ያስረክብ።

ቦዲው ላይ ትልቁ ጠላት አፍንጫው ነው። ቀደም ብሎ የሚመታው እሱ ነው፤ ተነጥሎ ስለማይቀየርም ብዙ ጊዜ በስቱኮ ተሸፍኗል። ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አስኪዱት፤ የማይዝበት ቦታ ወይ ስቱኮ ነው ወይ የፋብሪካው እርሳስ። እርሳሱ የሚገኘው መጋጠሚያው ላይ ብቻ ስለሆነ መዳፍ የሚያህል ቦታ ላይ ማግኔቱ ከከዳ ስቱኮ ነው። ከዚያ የፊት መብራት ጎድጓዳ፣ ከፊት ጎማ ኋላ ያለው የፓራፋንጎ ታች፣ የበሩ ግርጌ፣ ከበሩ ሥር የሚሄደው ሳጥን ይታይ። ባትሪው እንደ ቮልስ ከወንበር ሥር አይደለም፤ ሞተሩ ጎን ነው፣ መቀመጫው በአሲድ ይበላል። እዚህ መኪና ላይ በካቻቢቴ ሲነካ ወረደ።

ብየዳው ላይ የሚበላሸው ሁልጊዜ ያው ነው። ላሜራው ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ተራው የኤሌክትሪክ ብየዳ ይበሳዋል፤ የጋዝ ብየዳ ደግሞ ያጣምመዋል፣ አፍንጫው አጠገብ ከሆነ እርሳሱን አቅልጦ ያንጠባጥበዋል። ሚግ (በጋዝ ተከልሎ ሽቦ እየመገበ የሚበይድ ማሽን) ያለው ቤት ፈልጉ፤ ጋዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢሆንም በቂ ነው። ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ እየነኩ ወደ ሌላ ጫፍ መዝለል፣ ብረቱ በእጅ እስኪነካ መጠበቅ፣ ከዚያ መመለስ። እርሳሱን በግራይንደር አትንኩት፤ ብናኙ መርዝ ነው፣ በሞረድ ይወርዳል፣ አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ።

ከበሩ ሥር ያለው ሳጥን ሲቀየር ቦዲው ወለሉ ላይ በቡሎኖቹ ታስሮ፣ በሮቹ ተሰቅለው መሆን አለበት። ቦዲውን በክሪክ አንጠልጥለው ሳጥኑን የሚቆርጡ አሉ፤ መሐሉ ይወርድና በሩ ከዚያ በኋላ አይዘጋም። የጊያ በር መስታወት ክፈፍ የለውም። ሦስት ሚሊ ሜትር የተዛባ በር ሌላ መኪና ላይ በጎማ ይሸፈናል፣ እዚህ ግን መስታወቱ ጣሪያውን ይስታል።

ቀለም ከመቀባቱ በፊት መኪናው ሙሉ በሙሉ አንድ ጊዜ ይገጠም። ፓራውልቱ፣ መብራቱ፣ ጌጡ፣ መስታወቱ፣ ሁሉም። የተበተነ መኪና ማን እንደፈታው አይታወቅም፤ የማይገጥም ቀዳዳ፣ ከሌላ ሞዴል የመጣ ማጠፊያ፣ የጠፋ ትንሽ ማሰሪያ የሚታወቀው ያኔ ነው። ይህ ሥራ እዚህ አራት ወር ፈጅቷል፤ ከሥራው ሁሉ ቢደገም የምመርጠውም ይህ ነው። የጎጃም ክረምት ደግሞ አይታለፍም። ስቱኮና ተራ አንቲረስት ውኃ ይመጥጣሉ። ቦዲው በአንቲረስት ብቻ ሐምሌን ካሳለፈ ከላይ የሚቀባው ቀለም በዓመቱ ውስጥ ብጉንጅ ያወጣል። ወይ ግንቦት ሳያልቅ የመጨረሻው ቀለም ይቀባ፣ ወይ በኢፖክሲ ተሸፍኖ ጥቅምት ይጠበቅ።

ሞተሩ 1,493 ሲሲ ነው፤ ፒስተኑ 83፣ ምቱ 69 ሚሊ ሜትር። ቤቱ ከማግኒዚየም ቅይጥ የተሠሩ ሁለት ግማሾች ናቸው፤ በመካከላቸው ጓርኒሲዮን የለም፣ ስስ ማሸጊያ ብቻ ይቀባል። ሲልከን በጣት ለቅልቆ መግጠም የተለመደ ስህተት ነው፤ የተረፈው ወደ ውስጥ ተቆርሶ የዘይቱን መንገድ ይዘጋል። ክራንክ ሻፍቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንቀሳቀሰው ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ብቻ መሆን አለበት። ይህ የሚስተካከለው በቮላኖው (ክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ላይ በሚታሰረው ከባድ ክብ ብረት) በኩል በሚገቡ ሦስት ስስ ቀለበቶች ነው፤ ሁልጊዜ ሦስት፣ ውፍረታቸው እየተቀያየረ። ከከረጢቱ የወጡት ሁለት ነበሩ። በሁለት የገጠመ ሰው ሞተሩን ቆይቶ እንደገና ያወርዳል።

የቮላኖው ዳዶ 36 ቁልፍ ይይዛል፣ ከ300 ኒውተን ሜትር በላይ ይጠብቃል፤ የኋላ ጎማው ዳዶም እንዲሁ 36 ነው፣ ወደ 300 ኒውተን ሜትር። እንዲህ የሚለካ ቁልፍ ከሌለ ቁልፉ ላይ ቧንቧ ይሰካ፤ ከዳዶው መሐል አንድ ሜትር ርቀት ላይ 30 ኪሎ ሲንጠለጠል ልክ 300 አካባቢ ነው። ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ግን ተቃራኒው ነው። ባለ 10 ሚሊ ሜትሩ ቡሎን 32 ኒውተን ሜትር ብቻ ይበቃዋል፤ መጀመሪያ ሁሉም 10፣ ከዚያ በቅደም ተከተል እስከ 32። «ይጠንክር» ብሎ የጨመረ መካኒክ የማግኒዚየሙን ጥርስ ይነቅላል፤ የተነቀለውም ቶርኖ ቤት ሰፊ የብረት ጥርስ ካልተተከለለት አይድንም። የቫልቭ መግፊያ ዘንጎቹ የሚያልፉባቸው ቱቦዎች ከመግባታቸው በፊት ከ190 እስከ 191 ሚሊ ሜትር ይሳቡ፤ አጥረው ከገቡ ዘይት ያንጠባጥባሉ። የቫልቩ ክፍተት ሞተሩ ቀዝቅዞ 0.15፣ የፑንቲናው (እሳቱን የሚቆርጠው መገናኛ) 0.4፣ የካንዴላው 0.7 ሚሊ ሜትር ነው። እሳቱ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚሄደው በ1-4-3-2 ተራ ነው።

ተበታትኖ በመጣ ሞተር በብዛት የሚጎድለው ደግሞ ማንም ዋጋ የማይሰጠው ነገር ነው፦ ሲሊንደሮቹን የሚያለብሱት የማቀዝቀዣ ላሜራዎችና ሞተሩን ዙሪያውን የሚዘጋው ጎማ። ውኃ የሌለው ሞተር ራዲያተሩ እነዚህ ናቸው። ጎማው ከሌለ ከሥር የወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ በቬንቲሌተሩ ይሳባል። ከሲሊንደሮቹ ሁሉ 3ኛው ይግላል፣ ምክንያቱም በዚህ ሞዴል የዘይት ማቀዝቀዣው የአየሩ መንገድ ላይ ቆሟል። ቫልቭ ሲቃጠልም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከእሱ ነው። የጎደሉት ሁለት ላሜራዎች ከቮልስ ተወስደው ገጥመዋል።

ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ በወረቀት 44 የሆነው የፈረስ ጉልበት ወደ 33 ይወርዳል፤ ይህን ማንም መካኒክ አይመልሰውም። ቤንዚኑ ግን ለአየሩ ይበዛል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። የካርቡራተሩ ዋና ጂግለር (ቤንዚን የሚያልፍበት ትንሽ ቀዳዳ ያለው ብሎን) ላይ ያለው ቁጥር የቀዳዳው ስፋት ነው፣ በመቶኛ ሚሊ ሜትር። በአምስት ቁጥር ዝቅ ሲል ካንዴላው ቡናማ ሆኗል፣ ቤንዚንም ቀንሷል። ጂግለር አይበሳም፤ በሽቦ አይጎረጎርም፤ በአየር ይነፋል። ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ሰው ግን የጎደለው ቤንዚን ከታች በሙቀት እንደሚያስከፍል ይወቅ። ለዚያ ጉዞ የቀድሞው ጂግለር ተመልሶ ይግባ፤ ሽቅቡ በሦስተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ እየዞረ እንጂ እያቃሰተ አይወጣም። ቬንቲሌተሩ ከሞተሩ ጋር ስለሚዞር ዝግ ያለ ሞተር ይበልጥ ይሞቃል።

ኤሌክትሪኩ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። ቀደምቶቹ ባለ 6 ቮልት ነበሩ፣ ይህ መኪና ባለ 12 ነው፤ በተበተነ ክምር ውስጥ ሁለቱ ይቀላቀላሉ። የ6 ቮልት ቮላኖ 109 ጥርስ አለው፣ የ12ቱ 130። ቆጥራችሁ ግጠሙ፤ ያልተዛመደ ሞተሪኖ (ማስነሻ ሞተር) ጥርሱን ይበላዋል። የነዳጅ ቱቦውም ሁሉ አዲስ ይሁን፣ ማጣሪያው ከሞተሩ ክፍል ውጭ ይደረግ። የማግኒዚየም ሞተር በቤንዚን ከተያያዘ በውኃ አይጠፋም።

መንገድ ላይ መኪናው ያስደስታል፤ ፈጣን ስለሆነ ግን አይደለም። ከደምበጫ እስከ ቡሬ ባለው ቀጥታ መንገድ በ80 ተረጋግቶ ይሄዳል፤ መሪው ቀላል ነው፣ ወንበሩ ዝቅ ያለ ነው፣ የፊት ዲስክ ፍሬኑ ከቮልሱ የሸራ ፍሬን በግልጽ ይሻላል። የፍሬኑ አራት የጎማ ቱቦዎች ከውጭ ደህና ቢመስሉም ይቀየሩ፤ ከውስጥ አብጠው ፍሬኑ እንዳይለቅ ያደርጋሉ፣ እዚህ የግራ የፊት ጎማ በዚህ ምክንያት ግሎ ነበር። ጎማው 165 በ15 ነው፣ ፈልጎ ማግኘት ጊዜ ይወስዳል። ጎሚስታው እንደ ልማዱ ሁሉንም 30 ከሞላው መኪናው ኩርባ ላይ ያስፈራል፤ ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ፊት 18፣ ኋላ 27 ፒ.ኤስ.አይ. ነው የሚሞላው። ኮብልስቶን ላይ ቀስ ማለት ያስፈልጋል፤ አፍንጫው ዝቅ ያለ ነው። ዘይቱ 2.5 ሊትር ሲሆን ማጣሪያው ወንፊት ብቻ ስለሆነ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር ግዴታ ነው፤ አዲስ ለተገጠመው ሞተር የመጀመሪያው በ500 ተቀይሯል።

እስካሁን ያልተፈታው የበር መስታወቶቹ ጎማ ነው። ከሌላ መኪና ተቆርጦ የገባው ተራ ዝናብ ይከለክላል፣ ነፋስ ያዘለውን ግን አይችልም፣ ውኃው በመስታወቱ ጫፍ ወደ ወለሉ ይወርዳል። ትክክለኛው ጎማ እስኪመጣ ምንጣፉ አልተነጠፈም፤ የወለሉ ማፍሰሻ ቀዳዳ ክዳኖችም ተነስተዋል፣ ውኃው እንዳይተኛ።