ሐዋሳ ላይ ያገለገለ ጀልባ የምትፈልጉ፣ የኋላውን ላሜራ ሳታስፈቱ ቀብድ እንዳትከፍሉ

ይህን የምጽፈው ንዴቱ ሳይበርድልኝ ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ መካኒኩ አራት ቪቲ ፈትቶ አንዲት ላሜራ ሲያነሳ፣ 650 ሺህ ብር የተከፈለበት ጀልባ የኋላ ግድግዳ ውሃ እንደጠጣ ዳቦ በጣት ተፈረፈረ። ዓሣ ለማጥመድም፣ እሁድ እሁድ ልጆች ይዞ ሐይቅ ላይ ለመውጣትም ተብሎ የተገዛ ጀልባ ነው። ያ ግድግዳ ከ70 ኪሎ በላይ የሚመዝን ሞተር የሚሸከም ነው። የገንዘቡ ነገር ይቅር፤ ሻጩ ልጆች እንደሚሳፈሩበት እያወቀ፣ የልጆቹን ዕድሜ ሳይቀር ጠይቆ ነው የሸጠው።

ደላላውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። «የአንድ ቤተሰብ ነው፣ ከቅዳሜና እሁድ ውጪ ተነድቶ አያውቅም፣ ባለቤቱ ውጭ አገር ሊሄድ ስለሆነ ነው እንጂ አይሸጥም ነበር» የሚለው ነው። ቀጠሮው ሁልጊዜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት የሐዋሳ ሐይቅ ዝም ብሎ ይተኛል፤ ማዕበል የለ፣ ነፋስ የለ፣ ማንኛውም ጀልባ ጥሩ ጀልባ ይመስላል። ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ያንኑ ጀልባ የሚያሳያችሁ ሻጭ አታገኙም። ስትደርሱ ሞተሩ ቀድሞ ሞቆ ይጠብቃችኋል፣ ገመዱ አንዴ ሲሳብ ይነሳል፣ ደላላው «አያችሁ!» ይላል። ከዚያ ስልኩ ይጮኻል፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሌላ ገዢ አለ ይባላል። ይህ ሁሉ እንዳለ ተደረገ። ይህን ሁሉ እያወቁ ዝም ብሎ ማለፍ ምን ይባላል? ከትናንት ጀምሮ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ዝም ያሰኘኝ የጀልባው ቅርጽ ነው፤ ቅርጹ እውነትም ትክክል ነበር። ርዝመቱ 5.5 ሜትር፣ ወርዱ 2.1 ሜትር፣ ፋይበር። ለሁለቱም ሥራ የሚሆን ጀልባ የሚፈለገው እንደዚህ ነው። ሆዱ ጠፍጣፋ የሆነ ጀልባ ቆሞ ለማጥመድ ይመቻል፤ ሰው ወደ አንድ ጎን ሄዶ መረብ ሲስብ አይወዛወዝም፤ ከሰዓት በኋላ ማዕበል ሲያገኘው ግን ሆዱ ውሃውን በጥፊ ይመታል፣ ትንሽ ልጅና አሮጊት ይዞ አይኬድበትም። ሆዱ እንደ ምሳር የሾለው ደግሞ ማዕበሉን ይቆርጣል፣ ሲቆም ግን ይንገዳገዳል። መሀሉ፣ ማለትም ከኋላ በኩል ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ያህል ብቻ የሾለው፣ ለሁለቱም ይሆናል። ይኼኛው እሱ ነበር። መቀመጫዎቹ የሚነሱ ስለሆኑ ለመረብ ሥራ ወለሉ ባዶ ይሆናል፤ ለቤተሰብ ሲሆን ይመለሳሉ። የዓሣ ማስቀመጫው ለብቻው የሚወጣ የፕላስቲክ ሳጥን ነው። የአምባዛ ደምና ልጋግ አንዴ እንጨት ውስጥ ከገባ ጠረኑ በምንም አይለቅም፤ ስለዚህ የሚታጠብ ሳጥን መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። ዓይን በዚህ ተያዘ።

አሁን ወደዚያች ላሜራ ልምጣ። ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ አናት ላይ፣ የሞተሩ ሞርሳ በሚነክስበት ቦታ፣ የምታብረቀርቅ አዲስ የአሉሚኒየም ላሜራ ተመትታለች። ወርዷ አንድ ክንድ ያህል ነው፤ ከውጭም ከውስጥም ታጥፋ ግድግዳውን እንደ ኮፍያ ሸፍናዋለች። በአራት ቪቲ ተይዛለች። ዙሪያዋ በነጭ ስቱኮ ተሞልቶ ተቀብቷል። የቀረው የጀልባው ቀለም ፀሐይ የበላው ነው፤ እዚያ ቦታ ብቻ ግን ቀለሙ ትኩስ ነው። እጄ ላሜራው ላይ ነበር። ጥፍሬ ጠርዙ ሥር ገብቶ ስቱኮው ትንሽ ለቀቀ። «ይህ ምንድን ነው?» ተብሎ ተጠየቀ። ደላላው ፈጥኖ እጄን ያዘና «የኔ ወንድም፣ እሱማ ለውበት ነው፤ ሞተሩ ፋይበሩን እንዳይጭረው» አለ። ሻጩ አጠገቡ ቆሞ ነበር። ዓይኑን ከላሜራው ላይ አነሳና ወደ ታቦር ተራራ አየ፤ አንድ ቃል አልተናገረም። ከዚያ «ቁርስ ቀርቧል» ተባለ፤ የተጠበሰ ቆሮሶ መጣ፣ ወረቀቱም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተፈረመ። ጥያቄው ቁርሱ ላይ ቀረ።

ላሜራው የሸፈነው ነገር ይኸውላችሁ። የጀልባ ሞተር እግሩ በብዛት ሁለት ዓይነት ነው፤ አጭር እግርና ረጅም እግር። አጭሩ 38 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ላለው የኋላ ግድግዳ ነው፤ ረጅሙ 51 ሴንቲ ሜትር ያህል ላለው። ይህ ጀልባ ከፋብሪካ ሲወጣ ለረጅም እግር የተሠራ ነው። አንዱ ባለቤት ግን እጁ ላይ የነበረው ባለ 40 ፈረስ ጉልበት አጭር እግር ያማሃ ነው። አጭር እግር ረጅም ግድግዳ ላይ ሲታሰር ፕሮፔለሩ ከፍ ይላል፣ አየር ይስባል፣ ሞተሩ እየጮኸ ጀልባው አይሄድም። ትክክለኛው ነገር ሞተሩን መቀየር ነበር። እነሱ ግን ግድግዳውን በመጋዝ 13 ሴንቲ ሜትር ቆረጡት።

ግድግዳው ከላይ ፋይበር ቢመስልም ልቡ ኮምፔንሳቶ ነው። ፋብሪካው ኮምፔንሳቶውን በፋይበር ዙሪያውን የሚጠቀልለው ውሃ እንዳይነካው ነው። መጋዝ አናቱን ሲቆርጠው የኮምፔንሳቶው ንብርብር ራቁቱን ወጣ። በሬዚን መታሸግ ነበረበት፤ አልታሸገም። ዝናቡም፣ የሐይቁም ውሃ፣ የዓሣ ማጠቢያውም ከላይ እየገባ በንብርብሩ መካከል ወደ ታች ወረደ። መውጫ ስለሌለው እዚያው በሰበሰ። የሞተሩ ሞርሳ ሲጠብቅ እንጨቱ ስለሚጨመቅ በየጊዜው እንደገና ይላላል፤ ላሜራዋን የመቱት ሞርሳው ጠንካራ ነገር የነከሰ እንዲመስል ነው። መካኒኩ ካቻቪቴውን ሲሰካው ያለምንም ጉልበት እስከ እጀታው ገባ። ሲስበው ጥቁር ውሃ ተከትሎት ወጣ፤ ሽታው እንደ ረግረግ ጭቃ ነው። ከስሩ የወጣውን እንጨት በማንኪያ መዛቅ ይቻል ነበር።

መበስበሱ አንድ ነገር ነው፤ መቆረጡ ግን ለቤተሰብ ከሁሉም የከፋው ነው። ስድስት ሰው፣ የቤንዚን ጀሪካን፣ ምግብና መጠጥ ሲጫን የጀልባው ኋላ ይወርዳል። በፍጥነት እየሄዳችሁ ሳለ ልጅ ቆብ ወደቀበት ብላችሁ ጋዙን በአንዴ ብትለቁት፣ ጀልባው ራሱ ያስነሳው ማዕበል ከኋላ ደርሶበት በዚያ በተቆረጠው በኩል ወደ ውስጥ ይገለበጣል። አንዴ የገባ ውሃ ኋላውን ይበልጥ ያወርደዋል፣ ሁለተኛው ማዕበል ከመጀመሪያው ይቀልለዋል። ሐይቁ ጥልቅ በሆነበት ከ20 ሜትር ያልፋል። ጠዋት በሦስት ሰውና በሩብ ጀሪካን ቤንዚን ሲነዳ ይህ በጭራሽ አይታይም። በጠዋት የሚያሳዩት ለዚህ ነው።

መቆረጡን ለማወቅ ላሜራ መፍታት እንኳ አያስፈልግም ነበር፤ ይህ ነው የሚያበግነው። በፋብሪካ ቅርጽ የወጣ የሞተር ማሰሪያ ማዕዘኑ ክብ ነው፣ ጣት ሲሄድበት ይንሸራተታል። በመጋዝ የተቆረጠ ግን እንደ ሳጥን ሹል ማዕዘን አለው። የላሜራዋ ጥግ ቀጥ ያለ ዘጠና ዲግሪ ነበር። ከታች እስከ አናቱ በሜትር መለካት ደግሞ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ሜትሩ መኪናው ውስጥ ነበር።

ሻጩ ጋ ሲደወል በመጀመሪያ አላነሳም። ሲያነሳ «በዓይንህ አይተህ፣ ራስህ ነድተህ፣ ፈርመህ ነው የወሰድከው። ሰውዬ፣ ጀልባ የማታውቅ ከሆነ መኪና ግዛ» አለና ዘጋው። ግቢው ሲኬድ ጥበቃው በሩን ገርበብ አድርጎ ቆመ፤ ጀልባውን ሲያጥቡ ከነበሩት ልጆች አንዱ «የላሜራው ሰውዬ መጣ» ብሎ ሲጮህ ሌሎቹ ሳቁ። የላሜራው ሰውዬ! ማለትም ያውቁት ነበር። ያችን ላሜራ የመታት ምናልባትም ያው የጮኸው ልጅ ነው። ደላላው ደግሞ ኮሚሽኑን የተቀበለው ከሁለቱም ወገን ነው፤ አሁን ስልኩ ዝግ ነው።

ከዚያ ወዲያ ሁሉም ነገር አንድ በአንድ ተገለጠ። ወለሉ ላይ የተነጠፈችው ቀይ ምንጣፍና በላይዋ የተቀመጠው የበረዶ ሳጥን የወለሉን ስስ ቦታ ነበር የሸፈኑት፤ ሳጥኑ ተነስቶ ሲረገጥ ወለሉ እንደ ፍራሽ ይሰምጣል። ለጥላ መያዣ የቆሙት ብረቶች ወለሉን በስተው በቡሎን ስለታሰሩ በየቀዳዳው ውሃ ወርዷል፤ ከወለሉ በታች ያለው ፎም ጠጥቶታል። ይህ ፎም ጀልባው ቢሞላ እንኳ እንዳይሰምጥ የሚይዘው ነው፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን ተጨማሪ ጭነት ነው። ማወቂያው ቀላል ነው፤ ጀልባው ወደ ባሕሩ ዳር ይወጣል፣ አፍንጫው ከፍ ይደረጋል፣ የኋላው የውሃ ማፍሰሻ ታፖ ተከፍቶ ያድራል። ጤነኛ ጀልባ በጥቂት ደቂቃ ጨርሶ ይደርቃል። ይኼኛው ግን አድሮ ጠዋትም ይንጠባጠብ ነበር።

ሞተሩስ? ሁለት ስትሮክ ነው፣ ሲቀዘቅዝ አሥራ አምስት ጊዜ ተስቦ ነው የሚነሳው። ካንዴላዎቹ ወጥተው ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው የመጨመቅ ግፊት፣ ሲለካ አንዱ ሲሊንደር ከሌላው በሩብ ያንሳል፤ ከ10 እስከ 15 በመቶ በላይ ልዩነት ካለ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም ፒስተኑ ተበልቷል ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ስለሆነች ጤነኛ ሞተርም ቢሆን መለኪያው ላይ የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ከሚለው ዝቅ ብሎ ነው የሚያነበው። ስለዚህ ከመጽሐፉ ጋር ሳይሆን ሲሊንደሮቹን እርስ በርስ አወዳድሩ። ጉልበቱም እንዲሁ ነው፤ ባለ 40ው እዚህ የሚሰጣችሁ 33 ገደማ ነው። ስድስት ሰው ጭኖ አፍንጫውን አውርዶ ካልተንሸራተተ፣ ሞተሩ ጤነኛ ከሆነ ቁጥሩ አነስ ያለ ፕሮፔለር ይበቃዋል፤ ኮምፕሬሽን ከሌለው ግን ፕሮፔለር አያድነውም።

የታችኛው የማርሽ ዘይትም አዲስና ንጹሕ ነበር፤ ሊሸጥ ሲል ተቀይሮ ነበርና። ፓራዮሊው፣ ማለትም ውሃ እንዳይገባ የሚያሽገው ጎማ፣ ካረጀ ውሃ ገብቶ ዘይቱን እንደ ወተት ያነጣዋል። አዲስ ዘይት ይህን የሚደብቀው እስኪነዳ ድረስ ነው። ሙከራው ካለቀ በኋላ፣ ሞተሩ ትንሽ ሲያርፍ፣ የታችኛው ቡሎን ላላ ተደርጎ ጥቂት ጠብታ ቢወርድ እውነቱ ይታይ ነበር።

እንግዲህ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ሙከራውን ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ አድርጉት፤ በምታሳፍሩት ሰው ልክ ጭናችሁ፣ ሞተሩን ቀዝቃዛ ሆኖ አግኙት፤ እጃችሁን ክዳኑ ላይ ስታደርጉ ከሞቀ ሌላ ቀን ተመለሱ። ሜትር ያዙ። ግድግዳውን በሳንቲም አንኳኩት፤ ደረቁ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የበሰበሰው ድብ ይላል። ሞተሩን ከታች ክንፉ ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ወዝውዙት፣ ሌላ ሰው ግድግዳውን ይይ፤ ግድግዳው አብሮ ከተነቃነቀ ወደ ቤታችሁ ሂዱ። የሞተሩ ቁጥር ሰነዱ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን አመሳክሩ። ውሉ ላይ «ባለበት ሁኔታ» የሚል ካለ አትፈርሙ። ጉድለት ካገኛችሁም ሳትዘገዩ በጽሑፍ ለሻጩ አሳውቁ፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሻጩን ስለ ዕቃው ጉድለት ይጠይቀዋል፣ ገዢው ግን ዝም ብሎ ከቆየ መብቱን ያጣል። የኛ የጉድለት ማስታወቂያ ለሻጩ ዛሬ ጠዋት በሁለት ምስክር ፊት ተሰጥቷል፤ ላሜራዋም አራቱ ቪቲዎችም ከነስቱኳቸው ተቀምጠዋል።

ዛሬ ማስታወቂያው ሲሰጥ እዚያው ግቢ ውስጥ ሌሎች ሁለት የሚሸጡ ጀልባዎች ቆመው ነበር። አንዱ ሰማያዊ መስመር ያለው ነጭ ነው፣ ወለሉ ላይ ያችው ዓይነት ቀይ ምንጣፍ ተነጥፎበታል። ኋላው ላይ የምታብረቀርቅ ላሜራ ተመትታለች፤ ስቱኮዋ ገና አልደረቀም።