ዎርድፕረስን በነጻ ለሚያስተምሩን ምስጋና፣ ለጀማሪዎችም ጥቆማ

“ድረ ገጽ መሥራት መማር እፈልጋለሁ፣ ከየት ልጀምር?” ለሚለን ሰው ሁሉ መልሳችን አንድ ነው፦ ለርን ዎርድፕረስ የሚባለው የኢንተርኔት ማስተማሪያ። ይህን የምንጽፈው ቦታውን ለመጠቆም ብቻ ሳይሆን፣ ከጀርባው ያሉትን ሰዎች በአደባባይ ለማመስገንም ነው። ትምህርቱን የሚያዘጋጁት፣ ቪዲዮውን የሚቀርጹት፣ ያረጀውን የሚያድሱት የዎርድፕረስ የሥልጠና ቡድን አባላት ናቸው፤ ብዙዎቹም በጎ ፈቃደኞች ናቸው። እጃችሁ ይባረክ።

ለማያውቀው ሰው፣ ዎርድፕረስ ኮድ ሳይጽፉ ድረ ገጽ ለመሥራትና ይዘቱን ለማስተዳደር የሚያገለግል ነጻ ሶፍትዌር ነው። ማት ሙለንዌግ እና ማይክ ሊትል በ2003 የጀመሩት ነው። ማስተማሪያው የሚገኘው ለርን ነጥብ ዎርድፕረስ ነጥብ ኦርግ ላይ ሲሆን ክፍያ የለውም። አካውንት ከፍታችሁ ብትገቡ የደረሳችሁበትን ይይዝላችኋል። ነጥብ ኦርግን ከነጥብ ኮም ጋር አታምታቱ። ነጥብ ኮም አንድ ኩባንያ ከነሆስቲንጉ (ድረ ገጹ ከሚቀመጥበት ሰርቨር ጋር) የሚያቀርበው አገልግሎት ነው። ነጥብ ኦርግ ግን ሶፍትዌሩን አውርዳችሁ የፈለጋችሁበት ሆስቲንግ ላይ የምትጭኑበት ነው። ለጀማሪ ተጠቃሚ የተዘጋጀውን ኮርስ አስቀድሙ፤ ለገንቢዎች (ኮድ ለሚጽፉ) የተሰናዳው ይቆያችሁ።

ከሁሉ በላይ የምናመሰግንበት ግን ፕሌይግራውንድ የሚባለው መለማመጃ ነው። ሆስቲንግ ሳትገዙ፣ ዶሜይን (የድረ ገጽ ስም) ሳታስመዘግቡ፣ ምንም ሳትጭኑ ሙሉው ዎርድፕረስ ብሮውዘራችሁ ውስጥ ይነሳል፤ ስትከፍቱትም አድሚን (ሙሉ ሥልጣን ያለው አስተዳዳሪ) ሆናችሁ ገብታችሁ ታገኙታላችሁ። ፒኤችፒው (ዎርድፕረስ የተጻፈበት የፕሮግራም ቋንቋ) የሚሠራው ሩቅ ሰርቨር ላይ ሳይሆን እዚያው ብሮውዘሩ ውስጥ ነው፤ ጽሑፉ የሚቀመጥበት ዳታቤዝም ኤስኪውላይት የሚባለው ቀላል ዓይነት ነው። የፈለጋችሁትን ብታበላሹ የሚጎዳ ሰው የለም። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። አንደኛ፣ ሥራችሁን ሴቭ ሳታደርጉ ገጹን ሪፍሬሽ ካደረጋችሁ የሠራችሁት ይጠፋል፤ ስለዚህ ብሮውዘሩ ላይ አስቀምጡት ወይም ዚፕ አድርጋችሁ አውርዱት። ሁለተኛ፣ የዎርድፕረሱን ቨርዥን መምረጥ ይቻላል። ይህ ለተማሪ ትልቅ ነገር ነው፤ ቪዲዮው ላይ የሚታየው ስክሪን ከእናንተ ጋር አልገጥም ካለ፣ ቪዲዮው የተቀረጸበትን ቨርዥን ከፍታችሁ እኩል መሄድ ትችላላችሁ።

ኮርሱ ገጽንና ፖስትን ለይቶ ማስተማሩ ትክክል ነው፤ ጀማሪ ቶሎ የሚደናገረው እዚህ ላይ ነውና። ገጽ “ስለ እኛ”ን ለመሰለ ብዙ ለማይለዋወጥ ነገር ነው። ፖስት ግን ቀን ያለው፣ በካቴጎሪና በታግ የሚመደብ፣ አዲሱ ከላይ የሚወጣ ጽሑፍ ነው። ችግሩ የሚመጣው ሴቲንግስ ውስጥ ሪዲንግ የሚለው ላይ ነው። እዚያ አንዱን ገጽ የመነሻ ገጽ፣ ሌላውን የፖስቶች ገጽ አድርጋችሁ ትመርጣላችሁ። የፖስቶች ገጽ ብላችሁ የመረጣችሁት ገጽ ላይ ቀድማችሁ የጻፋችሁት ነገር ካለ አይታይም። አልተሰረዘም፤ ዎርድፕረስ በቦታው የፖስቶቹን ዝርዝር ስለሚያሳይ ነው። ስለዚህ ለዚያ ሥራ ስም ብቻ ያለው ባዶ ገጽ ፍጠሩ።

በጥንቃቄ እንድታዩት የምንመክረው ክፍል ስለ ሳይት ኤዲተር የሚያስተምረው ነው። ከ2022 መጀመሪያ፣ ከ5.9 ቨርዥን ወዲህ፣ የብሎክ ቴም (በብሎክ የተሠራ የድረ ገጽ መልክ) የሚጠቀም ሰው ሄደሩን (የገጹን አናት)፣ ፉተሩን (የገጹን ግርጌ)፣ የገጾቹን አቀማመጥ ሁሉ በብሎክ፣ ማለትም እንደ አንቀጽና ምስል ባሉ ክፍሎች፣ ማስተካከል ይችላል። ኃይሉም አደጋውም እዚህ ነው። አንድ ገጽ ውስጥ የምትነኩት የዚያን ገጽ ይዘት ነው፤ ቴምፕሌት (የብዙ ገጾች የጋራ ንድፍ) ውስጥ የምትነኩት ግን ያንን ቴምፕሌት የሚጠቀሙትን ገጾች በሙሉ ይለውጣል። አንድ ገጽ ላይ ብቻ ርዕሱን ላጥፋ ብሎ ቴምፕሌቱ ላይ የሚያጠፋ ሰው የሁሉንም ገጽ ርዕስ ያጠፋል። መከላከያው ቀላል ነው፦ ከመነካካታችሁ በፊት ከስክሪኑ ላይኛው መሀል ያለውን ስም አንብቡ፣ የከፈታችሁት ገጽ ይሁን ቴምፕሌት እዚያ ተጽፏል። ሴቭ ስትሉም ኤዲተሩ ምን ምን እንደሚቀየር ዘርዝሮ ከነምልክት ማድረጊያ ሳጥኑ ያቀርብላችኋል። ብዙ ሰው ሳያነብ ያልፈዋል፤ እናንተ ግን አንብቡት፣ ያልጠበቃችሁት ስም ካያችሁም ምልክቱን አንሱ። የሲንክድ ፓተርንም (በብዙ ቦታ የሚገባ የጋራ የብሎኮች ስብስብ) ነገር እንደዚሁ ነው። አንድ ቦታ ስታርሙት የገባበት ሁሉ ይታረማል። ለአንድ ቦታ ብቻ መቀየር ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ዲታች አድርጉት (ከጋራው ነጥሉት)።

የተጠቃሚ ሚናዎች አምስት ናቸው፦ አድሚኒስትሬተር፣ ኤዲተር፣ ኦተር፣ ኮንትሪቢዩተር፣ ሰብስክራይበር። ለሁሉም ሰው አድሚን መስጠት ክፉ ልማድ ነው። የሚጽፍ ሰው ኦተር ቢሆን ይበቃዋል። ኮንትሪቢዩተር ጽፎ ለእርማት ያቀርባል እንጂ አያትምም፤ ፎቶም መጫን አይችልም። “ፎቶ አልጭን አለኝ” የሚል ጸሐፊ ካጋጠማችሁ መጀመሪያ ሚናውን እዩ።

በአማርኛ ለምንጽፍ ደግሞ አንድ የምንጨምረው አለ። ዎርድፕረስ የጽሑፉን ርዕስ ወስዶ የሊንኩን መጨረሻ ራሱ ይሠራል። ርዕሱ በፊደላችን ከሆነ እያንዳንዱ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ኮምፒውተር ፊደላትን በሚመዘግብበት ስልት) ሦስት ባይት ይይዛል፤ ሊንክ ላይ ሲቀየር ደግሞ አንዱ ባይት በፐርሰንት ምልክት የሚጀምር ሦስት ካራክተር ይሆናል። ስለዚህ አንድ ፊደል 9 ካራክተር ይበላል። ዳታቤዙ ለዚህ የሚሰጠው ቦታ 200 ካራክተር ነው፤ ይህም ወደ 22 ፊደል ገደማ ማለት ነው። ረጅም ርዕስ መሀል ላይ የሚቆረጠው፣ ሊንኩም ለሰው ሲላክ የፐርሰንትና የቁጥር ክምር የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ከማተማችሁ በፊት በኤዲተሩ የቀኝ ፓነል ስለግ (የሊንኩ መጨረሻ) የሚለውን ከፍታችሁ በላቲን ፊደል ሁለት ሦስት አጭር ቃል መጻፍ ነው። ከታተመ በኋላ አትለዋውጡት፤ ሰው ያጋራውን ሊንክ እንዳታበላሹበት።

ስለ ሊንክ (በዎርድፕረስ አጠራር ፐርማሊንክ) ካነሳን፣ መነሻ ገጹ እየከፈተ ሌሎቹ ሁሉ 404 (ገጹ አልተገኘም) የሚሉ ከሆነ አትደንግጡ። ሴቲንግስ ውስጥ ፐርማሊንክስ ገብታችሁ ምንም ሳትቀይሩ ሴቭ በሉት። ዎርድፕረስ የአድራሻ ሕጎቹን እንደገና ይጽፋቸዋል፣ አብዛኛውን ጊዜም ይህ ይበቃል።

ፎቶ ከስልክ እንዳለ አትጫኑ። ከ2019ኙ 5.3 ቨርዥን ጀምሮ በአንዱ ጎን ከ2560 ፒክስል የሚበልጥ ፎቶ ሲገባ ዎርድፕረስ ያሳንሰዋል፤ ዋናውን ፋይል ግን አይጥለውም፣ በየመጠኑም ተጨማሪ ቅጂዎች ይሠራል። የሆስቲንግ ቦታ ቶሎ የሚሞላው እንዲህ ነው። ከመጫናችሁ በፊት ወርዱን ወደ 1600 ፒክስል ገደማ ብታወርዱት ለአብዛኛው ጽሑፍ ይበቃል።

ፕለጊን (ዎርድፕረስ ላይ ተጨማሪ ሥራ የሚጨምር ማሟያ) ስታዘምኑ ድረ ገጹ ነጭ ከሆነ፣ ወይም ከባድ ስህተት ተፈጥሯል ካለ፣ መጀመሪያ የአድሚኑን ኢሜይል እዩ። ከ5.2 ቨርዥን ወዲህ ዎርድፕረስ የጥገና መግቢያ ሊንክ ይልካል፤ ስህተት የፈጠረውንም ፕለጊን ይነግራችኋል። ይህ የሚሠራው ግን አድሚን ብላችሁ ያስመዘገባችሁት ኢሜይል የምታዩት ከሆነና ከሆስቲንጉ ኢሜይል በትክክል የሚወጣ ከሆነ ነው፤ ዛሬውኑ አረጋግጡት። ኢሜይሉ ካልመጣ በሆስቲንጉ ፋይል ማኔጀር ገብታችሁ ፕለጊንስ የሚለውን ፎልደር ስሙን ቀይሩት፤ ፕለጊኖቹ ሁሉ መሥራት ያቆማሉ፣ ድረ ገጹም ይከፈታል። ከዚያ በዳሽቦርዱ (በማስተዳደሪያው ገጽ) የፕለጊኖችን ዝርዝር አንድ ጊዜ ከፍታችሁ፣ የፎልደሩን ስም መልሱና አንድ በአንድ አስነሱ። ሲነሳ ገጹን የሚጥለው እሱ ነው ጥፋተኛው።

ባክአፕ ስትወስዱ ሁለቱንም ውሰዱ፦ ዳታቤዙንም ደብሊውፒ-ኮንተንት የሚባለውን ፎልደርም። ጽሑፋችሁ ያለው ዳታቤዙ ውስጥ ነው፤ ፎቶው፣ ቴሙና ፕለጊኑ ደግሞ ፎልደሩ ውስጥ። አንዱን ብቻ የያዘ ሰው ወይ ፎቶ የሌለው ጽሑፍ፣ ወይ ጽሑፍ የሌለው ፎቶ ይቀረዋል።

ድረ ገጹን ለሕዝብ ስትከፍቱ ሪዲንግ ውስጥ የፍለጋ ሞተሮች እንዳይመዘግቡት የሚከለክለው ሳጥን ምልክት እንደሌለበት እዩ። ሲሠራ ምልክት ተደርጎበት ይቆይና በዚያው ይረሳል፤ ከዚያ ባለቤቱ “ጉግል ላይ አልወጣም” እያለ ይጨነቃል።

አንድ የምናዝንበት ነገር፣ የለርን ዎርድፕረስ ትምህርት በብዛት በእንግሊዝኛ መሆኑ ነው። ቋንቋው ለሚከብደው ሰው ግን ቪዲዮዎቹ ብዙ ጊዜ ከጽሑፍ ቅጂ ጋር ስለሚመጡ፣ ቆም እያሉ እያነበቡ ጎን ለጎን ፕሌይግራውንድን ከፍቶ መከተል ይቻላል።

ውለታቸውን ለመመለስ ለምትፈልጉ ደግሞ መንገዱ ክፍት ነው። ትራንስሌት ነጥብ ዎርድፕረስ ነጥብ ኦርግ ላይ አማርኛ አለ። አካውንት ያለው ሁሉ ገብቶ የዳሽቦርዱን ቃላትና የፕለጊኖችን ጽሑፍ መተርጎም ይችላል፤ ያቀረባችሁት በአራሚዎች ታይቶ ይጸድቃል። ሳትተረጉሙ በፊት ቃሉ ስክሪኑ ላይ የት እንደሚወጣ ፕሌይግራውንድ ላይ ፈልጉት፤ አንዱ ቃል በተን ላይ ትእዛዝ፣ ርዕስ ላይ ደግሞ ስም ሊሆን ይችላልና።