ጠጠር፣ አሸዋ ወይስ የተክል አፈር? አኳሪየም እንደ አዲስ ለሚያሳምር ሰው

አኳሪየማችሁ ሰለቻችሁ እንበል። ሰማያዊው ጠጠር አልጌ ለብሷል፣ የፕላስቲኩ ግንብ ቀለሙ ለቋል፣ እና ሁሉንም አውጥታችሁ ከዜሮ ልትጀምሩ ነው። ጥሩ። ግን ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት አንድ ነገር መልሱ፦ ውስጡ የሚኖረው ምን ዓሣ ነው? ከሳሎኑ ጋር ይሄዳል አይሄድም የሚለው ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

ከወለሉ እንጀምር። ብሩም ልፋቱም የሚሄደው እዚያ ነው።

ለብዙ ሰው ደቃቅ ጠጠር ይበቃል፤ ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር የሆነው። ርካሽ ነው፣ እየታጠበ ለዓመታት ያገለግላል፣ ውኃ በመሃሉ ስለሚያልፍ ከሥር አይታፈንም። ችግሩ የምግብ ትርፍራፊ እየሾለከ ገብቶ መበስበሱ ነው፤ ስለዚህ ውኃ በቀየራችሁ ቁጥር የመምጠጫ ቱቦውን ጠጠሩ ውስጥ ሰካ እያደረጋችሁ ካልመጠጣችሁ ውኃው ይበላሻል። ጎልድፊሽ ያላችሁ ደግሞ መጠኑን በደንብ እዩ። ጎልድፊሽ ወለሉን በአፉ እያፈሰ፣ የሚበላውን እያስቀረ፣ የቀረውን እየተፋ ነው የሚውለው። አተር የሚያክል ጠጠር ጉሮሮው ላይ ይቀረቀራል። ወይ በጣም ደቃቅ፣ ወይ አፉ ውስጥ ጨርሶ የማይገባ ትልቅ ይሁን።

በመልክ አሸዋን የሚያክል የለም። ወለል ለወለል ለሚኖረው ትንሽ ዓሣ ለኮሪዶራስማ አማራጭም አያስፈልግም፤ ወለል እየፈተሸ የሚለቅምበት ጢሙ ሻካራ ጠጠር ላይ ይጎዳል። አሸዋ ላይ ቆሻሻው ወደ ውስጥ አይሰርግም፣ ከላይ ይቀራል፤ መምጠጡ ይቀላል፣ ግን ሁልጊዜ ዓይን ውስጥ ይገባል። ተክል ካልተከላችሁበት ከ3 ሳንቲሜትር አታሳልፉት፤ ሲወፍር ከሥር አየር ያጥረውና የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ይቋጥራል። የግንባታ አሸዋስ ይሆናል ወይ? ይሆናል፣ ነፍታችሁ፣ ውኃው ጥርት እስኪል በባልዲ ደጋግማችሁ ካጠባችሁት። የማጠቡ ነገር ወገብ ይቆርጣል፣ ከወዲሁ እወቁት።

ለአኳሪየም ተብሎ የሚሸጠው የተክል አፈር ውዱ ነው። ተክል ላይ ላበደ ሰው ግን ዋጋው ይገባዋል፤ ሥርን ይመግባል፣ ውኃውንም ወደ አሲድነት ይስበዋል። በተክል የተሞላውን አኳሪየም ዘይቤ ዓለም ላይ ያስፋፋው ጃፓናዊው ታካሺ አማኖ ነው፤ ፎቶ ላይ የምታዩት አረንጓዴ ሜዳና ድንጋይ ሁሉ የእሱ ዘር ነው። ግን ሁለት ነገር አይነገራችሁም። ብዙው የዚህ ዓይነት አፈር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አሞኒያ ስለሚለቅ ዓሣ ወዲያው አይገባበትም። ደግሞም ከአንድ ሁለት ዓመት በኋላ ኃይሉ ያልቃል፤ ማዕድን የበዛበት የጉድጓድ ውኃ የምትጠቀሙ ከሆነ ይባስ ቶሎ። ጎልድፊሽ ላለው ሰው አፈር መግዛት ብር መድፋት ነው፤ ይምሰዋል፣ ተክሉንም ይበላዋል።

ለስሌት ያህል፦ 60 በ30 ሳንቲሜትር የሆነ አኳሪየም ላይ 5 ሳንቲሜትር ለመሙላት 9 ሊትር ይፈልጋል፤ በጠጠር ከሆነ ወደ 14 ኪሎ ይሆናል። ሻጭ ከዚያ በላይ ልስጣችሁ ካለ በቃኝ በሉ።

ወደ ጌጡ ስንመጣ፣ ድንጋይ ከፕላስቲክ ይሻላል፣ ደግሞ በነፃ ይገኛል። ጥቁር ድንጋይ ውኃውን አይነካም። ሬድ አሽ የሚባለው ቀዳዳ ቀዳዳ ቀይ ድንጋይም ግሩም ነው፤ ቀዳዳው የዓሣውን ቆሻሻ ለሚያጣራው ጠቃሚ ባክቴሪያ ቤት ይሆናል፣ ጠርዙ ግን ስለታም ነውና መጋዝ ወይም ሞረድ ያስነኩት። ጥርጣሬ ካላችሁ አቼቶ ጠብ አድርጉበት። ፍሽ ብሎ አረፋ ከሠራ ኖራ አለበት፤ ቀስ በቀስ የውኃውን ጥንካሬ (በውስጡ ያለውን ማዕድን) እና ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ከፍ ሲል አሲድነቱ ቀንሷል ማለት ነው) ከፍ ያደርጋል። ለቤታ ወይም ለቴትራ ዓሣ አይሆንም። የአፍሪካዎቹ የማላዊና የታንጋኒካ ሐይቆች ዓሦች ለሆኑት ሲክሊዶች ግን እንዲያውም የሚወዱት እሱን ነው፤ የሐይቆቻቸው ውኃ እንደዚያ ስለሆነ። እነዚህ ሲክሊዶች ቆፋሪ ናቸው፤ ድንጋዩን መጀመሪያ መስተዋቱ ወለል ላይ በደንብ አስቀምጣችሁ ነው አሸዋውን የምታፈሱት። አሸዋ ላይ ከደረደራችሁት አንድ ቀን ከሥሩ ቆፍረው ይንዱታል።

እንጨት ከፈለጋችሁ ደረቅና ጠንካራ ይሁን። ባሕር ዛፍና ጥድ ይቅሩ፣ ዘይትና ሙጫ አላቸው። ቀቅላችሁ ዘፍዝፉት፤ ካልሆነ ይንሳፈፋል፣ ውኃውም ቀጭን ሻይ ይመስላል። ሻይ መምሰሉ ዓሣውን አይጎዳም፣ እንግዳ ግን ይጠይቃችኋል።

ስለ ተክል ነገሩን አላስረዝመውም። አኑቢያስ እና ጃቫ ፈርን ግዙ፣ ድንጋይ ወይም እንጨት ላይ በክር እሰሩ፣ ወፍራሙን አግድም ግንድ አትቅበሩት፣ ይበሰብሳል። ብርሃን በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይበቃቸዋል፤ አፈርም አይጠይቁም። የፕላስቲክ ተክል ካላችሁና ቤታ የምታሳድጉ ከሆነ አሮጌ ስቶኪንግ ቅጠሉ ላይ ጎትቱበት። ስቶኪንጉ ከተያዘ የቤታውም ክንፍ ይቀደዳል።

እኔን ብትጠይቁኝ፦ ጋፒ ላለው ደቃቅ ጠጠርና ጥቁር ድንጋይ፤ ጎልድፊሽ ላለው ስስ አሸዋ፣ ለስላሳ ትልቅ ድንጋይ፣ የታሰረ አኑቢያስ፤ የማላዊ ወይም የታንጋኒካ ሲክሊድ ላለው አሸዋና የኖራ ድንጋይ ክምር። አፈሩን ጥሩ መብራት ከገዛችሁ በኋላ አስቡበት።

የምትቀይሩ ዕለት ዓሦቹን በራሳቸው ውኃ፣ የአየር ፓምፑ እየሠራ፣ ባልዲ ውስጥ አቆዩአቸው። ፊልተሩን በዚያው ቀን እንዳታጥቡት፤ ወለሉ ላይ የነበረው ጠቃሚ ባክቴሪያ ስለሚወጣ የቀረው እዚያ ያለው ነው። ከአሮጌው ጠጠር አንድ ሁለት እፍኝ በዚያው ስቶኪንግ ቋጥራችሁ አዲሱ ወለል ላይ ለጥቂት ሳምንት ተዉት፣ ምግብም ቀነስ አድርጉ። አዲሱ የቧንቧ ውኃ ደግሞ ክሎሪኑ እንዲበን ቀድሞ አንድ ቀን በሳፋ ተከፍቶ ይደር።